ባለመድኃኒቷ መርማሪ በጣና ዳር ትጻፍልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ በቅርቡ የወጣ አንድ ደብዳቤ ይህን እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። የደብዳቤው ጸሐፊ፣ ዕፅዋት የሚያውቅ መነኩሴ ወይም የመድኃኒት ቅጠል የምትቸረችር ሴት የግድያ ምስጢር ሲፈቱ የሚተርኩ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች በወጣቶች እጅ መብዛታቸው እንዳሳሰባቸው ገልጸው፣ በመጻሕፍቱ ላይ ሁለት ክስ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው መጻሕፍቱ የመርዝ ትምህርት ቤት ናቸው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከእኛ ኑሮ ጋር አንዳች የማይገናኙ የፈረንጅ ጨዋታ ናቸው የሚል ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ለረጅም ዘመን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው በመሆኔ፣ ቅጠልና ሥር በተነሣበት ጉዳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የመጀመሪያው ክስ ጥቂት እውነት አለው። ሁለተኛው ግን መሠረት የለውም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው ልብ ወለድ በጠባዩ ከእንግሊዝ አገር ገዳማት ይልቅ ለጣና ዳር ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደምንነጋገር ላላወቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ግድያው አብዛኛውን ጊዜ ከአንባቢው ዓይን ተሰውሮ ይፈጸማል፤ ተኩስ የለም፣ ደም አይረጭም፤ ሁሉም የሚተዋወቅበት አንድ መንደር ወይም አንድ ገዳም አለ፤ መርማሪውም ደመወዝተኛ ፖሊስ ሳይሆን ሥራው ወደ ሰው ቤት የሚያስገባው ተራ ሰው ነው። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ እየተቀባበልን ያነበብነው፣ ኤሊስ ፒተርስ በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው እንግሊዛዊት ኤዲት ፓርጀተር ከጻፈቻቸው አንዱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ባሳተመቻቸው 20 ልብ ወለዶች ውስጥ መርማሪው ካድፌል ይባላል፤ በመስቀል ጦርነት ዘምቶ የተመለሰ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሽሩስበሪ ገዳም መንኩሶ የመድኃኒት አትክልቱን የሚንከባከብ ሰው ነው። እኛ ባነበብነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ካድፌል ለቁርጥማት መታሻ ብሎ ከአንድ ዕፅ ሥር ያዘጋጀው ቅባት በምግብ ውስጥ ተጨምሮ አንድ ሰው ይሞታል። ከውጭ ሲታሹት ሕመም የሚያስታግሰው ቅባት ሲዋጥ ገዳይ ነው። ስለዚህ መነኩሴው ገዳዩን ከመፈለጉ በፊት፣ የሞቱ ምክንያት ከራሱ ማሰሮ የወጣ መሆኑን በሰው ፊት አምኖ መናገር ይኖርበታል።

መጽሐፉ በመካከላችን ያስነሣው ክርክር ከታሪኩ የሚያንስ አልነበረም። በንግድ ሥራ የሚተዳደረው ጓደኛችን «ግማሽ መጽሐፍ ሙሉ አትክልት ሲኮተኮት ነው ያነበብሁት» ብሎ ተማረረ፤ መጽሐፉን ግን ሳይጨርስ አልመለሰም። ነርስ የሆነችው እኅታችን ደግሞ የወደደችው የሟቹ የሕመም ምልክት ያለ ግነት፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መገለጹን ነው፤ ከፖሊሱም ከገዳዩም በፊት እውነቱን የተናገረው የሟቹ አካል ነው አለችን። ከሁሉም የከበደኝ ግን የየኔታ አስተያየት ነበር። የኔታ የምንላቸው፣ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ታሪኩን ምዕራፍ በምዕራፍ እየተረጎምን የነገርናቸው አንድ የቅኔ መምህር ናቸው። መነኩሴ ከነፍስ ግድያ ጋር መነካካቱን ይነቅፋሉ ብለን ስንጠብቅ፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «ሥሩን የነቀለው በየትኛው ወር ነው? ክረምት የጠጣ ሥርና በጋ የከረመ ሥር አንድ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ተያይተን ዝም አልን።

በእኔ አስተያየት ስለ እነዚህ ልብ ወለዶች ከተሰነዘሩ አስተያየቶች ሁሉ ቁም ነገሩን የያዘው ይህ ጥያቄ ነው። የዕፅ ኃይል በወቅቱ፣ በበቀለበት አፈር፣ በዕድሜው፣ ከሥሩ ወይም ከቅጠሉ ወይም ከፍሬው በመወሰዱ እንደሚለያይ ዘመናዊው ሳይንስም ያረጋግጣል። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ክብር የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። በሌላው የወንጀል ታሪክ መርማሪው የጫማ ኮቴ ይከተላል፤ በዚህኛው ግን ማስረጃው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ የሚያብብበት ወር፣ የሚበቅልበት ከፍታ፣ የሚተወው ሽታ አለው። ደራሲው በአንዱ ከዋሸ አንባቢው ሊገምት የሚችልበት መንገድ ይዘጋል፤ መገመት የማይቻልበት ምርመራ ደግሞ ምርመራ አይባልም።

ወደ መጀመሪያው ክስ ልመለስ። መርዝ በልብ ወለድ ሲገባ ደራሲው ኃላፊነት እንዳለበት ከደብዳቤው ጸሐፊ ጋር እስማማለሁ። ኃላፊነቱ ግን ዝም ማለት ነው ወይስ በትክክል መናገር? አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተወለደችበት በቶርኪ ከተማ በሆስፒታል መድኃኒት ማደያ ክፍል ውስጥ ሠርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ውስጥ የገባው የመርዝ ዕውቀትም ከዚያ የተገኘ ነው። መጽሐፉን ካመሰገኑት መካከል የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት ይገኝበታል፤ ያመሰገነውም ታሪኩ መርዙን በሚመለከት በትክክል የተጻፈ በመሆኑ ነበር። ባለሙያ አንባቢ የሚቆጣው በመርዝ መነሣት ሳይሆን ስለ መርዝ በሚነገር ሐሰት ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ይህ ዕውቀት ከመጽሐፍ የሚጠበቅ አይደለም። ብርብራን የማያውቅ የጣና ዳር ልጅ ማን ነው? ለቡና ጥላ የሚሆነው ይህ ዛፍ ፍሬው ሲደርስ ቅርፊቱ በፀሐይ እየፈነዳ ጠፍጣፋ ቡናማ ዘሩን ይበትናል። ዘሩ ተወቅጦ በውኃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣው እየተንገዳገደ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውኃው ውስጥ ኦክስጅን ሳይጎድል የዓሣው አካል ሊጠቀምበት ስለማይችል ነው የሚታፈነው። በጉማራና በርብ በመሳሰሉት የጣና ገባር ወንዞች፣ በክረምት ማብቂያ ለመራባት ሽቅብ የሚወጣውን ነጭ ዓሣ በዚህ መንገድ መፍጀት የባለሙያዎች የዘወትር እሮሮ ሆኖ ኖሯል። ይህን ያስተማረ ልብ ወለድ የለም።

ለደራሲ ግን ብርብራ ሌላ በር ይከፍታል። አንድ ሰው የዓሣ ወጥ በበላ ማግስት ሞቶ ቢገኝ መንደሩ በአንድ ድምፅ «በብርብራ የተያዘ ዓሣ ነው የገደለው» ማለቱ አይቀርም። ዕፅዋት የምታውቀው ሴት ግን ከዚያው ድስት የበሉትን ሌሎች ሰዎች ሄዳ ትጠይቃለች፤ ሁሉም በጤና ናቸው። የብርብራው ንጥረ ነገር ሮቴኖን ይባላል፤ ዓሣን በስንጥቡ በኩል በፍጥነት ቢገድልም በሰው ሆድ ውስጥ እምብዛም አይመጠጥም፤ ይህ ማለት ግን ለሰው ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ ላሳስብ። ሴትዮዋ የሮቴኖንን ስም ሰምታ አታውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን በልጅነቷ እንዲህ ያለ ዓሣ የበሉ ሰዎች እንደ ወትሯቸው ወደ ሥራቸው ሲሄዱ አይታለች። መንደሩ ያለቀ ጉዳይ ብሎ የዘጋው ፋይል በዚህ ዕውቀት እንደገና ይከፈታል። ይህ የመርዝ ትምህርት ነው? እኔ የማስረጃ ትምህርት እለዋለሁ።

አብሾንም ብናነሣ እንዲሁ ነው። በቆሎ ተማሪዎች ዘንድ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ ሲወራለት የኖረው፣ አስተናግር ከተባለው የመንገድ ዳር አረም የሚዘጋጀው ይህ መጠጥ አንደበትን ሲፈታና ሰውን ሲያሳብድ ያየ ብዙ ነው። የነርሷ ጓደኛችን ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በሌላ ምልክት ላይ ነው፤ አስተናግር የቀመሰ ሰው በጠራራ ፀሐይ ቆሞ እንኳ የዓይኑ ብሌን እንደ ሰፋ ይቀራል፣ አፉም ይደርቃል። «ሰይጣን ለከፈው» ተብሎ ጠበል ብቻ የተፈረደለትን ሰው፣ ዓይኑን አይታ «ይህ ሰው የጠጣው ነገር አለ፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ» የምትል ገጸ ባሕርይ ብትኖረን ከጉዳቷ ጥቅሟ ይበልጣል።

ከደብዳቤው ጸሐፊ ጋር ያለ ማንገራገር የምስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ልኬት አይጻፍ። ምን ያህል፣ ከምን ጋር፣ ለስንት ሰዓት የሚለው ለታሪኩ አያስፈልግም። አንባቢ መርማሪዋ እንዴት እንዳወቀች እንጂ ገዳዩ እንዴት እንደቀመመ ማወቅ አይሻም። ኮሶ ከልኩ ካለፈ ዓይን እስከማጥፋትና እስከመግደል የሚደርስ መሆኑ ይነገር፤ ልኩ ግን ከገጹ ውጭ ይቅር።

ሁለተኛው ክስ፣ ማለትም የፈረንጅ ጨዋታ የሚለው፣ እውነቱን ለመናገር አሳዝኖኛል። በዕፅ የተደረገ እውነተኛ ምርመራ የምትፈልጉ ከሆነ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን የእንዶድ ታሪክ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እርሳቸውም በዕቃ ውስጥ ያኖሯቸውን ሕያው ቀንድ አውጣዎች አቅርበው ከአጣቢዎቹ አንዷ ከአረፋው እንድታፈስባቸው ለመኑ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ሞቱ። ወንዙ ዳር የሞተና ያልሞተ አለ፣ በመካከል አንድ ድርጊት አለ፣ ግምት አለ፣ ከዚያም ፈተና አለ፤ መርማሪ ልብ ወለድ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚገደልበትን መንገድ ያመለከተው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጩ ኖቤል» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። እንዶድ በየጓሯችን አለ። ክፍል ውስጥ ይህን ታሪክ ስናገር፣ ስለ ሌላው ሁሉ የሚያንቀላፋው ተማሪ ሳይቀር ቀና ይል ነበር።

ወንጀልን በማኅበር የማውጣት ልማድም ቢሆን ከባሕር ማዶ የመጣልን አይደለም። በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሳይበተን ይውል ነበር፤ «ወፍ» በሚባለው ስሙ በማይገለጽ ሰው በኩል ጥቆማው ለሽማግሌዎች ይደርሳል። ሁሉም የሚተዋወቅበት፣ ማንም መውጣት የማይችልበት፣ ሁሉም የሚጠረጠርበት ስብሰባ እንግሊዞቹ በመጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ በሳሎን ውስጥ የሚያዘጋጁት ትዕይንት ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ጢስ አስምገው፣ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። በዚህ ሰበብ ስንቱ ንጹሕ ሰው እንደተዘረፈ መገመት አያዳግትም፤ ዘመናዊው ፍርድ ቤት ሲስፋፋ መቅረቱም መልካም ሆነ። በሌባ ሻይ ዕፁ ዳኛ ነበር። ባለመድኃኒቷ መርማሪ ግን ዕፁን ከዳኝነቱ አውርዳ ምስክር ታደርገዋለች፤ ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል። አንድ የእኛ ደራሲ ይህን ንጽጽር በታሪክ ውስጥ ቢያስገባው ማንም እንግሊዛዊ ሊጽፈው የማይችል መጽሐፍ ይወጣዋል።

ስለ ቦታውስ ምን ይባላል? ዘጌ ሞፈርና ቀንበር እንዳይገባባት፣ ከብትም እንዳይሰማራባት በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለች ስለሆነች ጫካዋ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀሉ ሽማግሌዎች ይተርካሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናት በዚያች ልሳነ ምድር ብቻ ለመድኃኒት የሚያገለግሉ 67 ዕፅዋትን መዝግቧል። ስለ ሥርና ቅጠል የተጻፉ የብራና መጻሕፍትም በአብያተ ክርስቲያናቱና በደብተራዎች እጅ ሲወርዱ ሲዋረዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1770 ጀምሮ ጎንደርንና ጣናን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ለተቅማጥ መድኃኒት መሆኑን የገለጸው ዋጊኖስ እንኳ በሳይንስ ስሙ የብሩስን ስም ተሸክሞ ይኖራል፤ ለብሩስ ያሳዩት ባለመድኃኒቶች ስም ግን በሳይንሱ መዝገብ አልገባም። (በዚህ ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ይገባኝ ነበር።)

ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ መድኃኒት ሻጮች በተቀመጡበት ረድፍ ያለፈ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። በጆንያ ላይ መተሬና እንቆቆ በቁና በቁና ተከምረዋል፤ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ አሉ፤ ጤና አዳሙ በእቅፍ ታስሮ ከሩቅ ይሸታል፤ የድንገተኛ ሥር እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ በክር ታስሯል። አንዲት ሻጭ ሆዴን ቆረጠኝ ያላትን ገዥ ወዲያው አትሸጥለትም፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው አባቴ? ትናንት ምን በላህ? ከማን ቤት?» ትለዋለች። መልሱን ሰምታ፣ ሥሩን በጥርሷ ቆርጣ እራሷ ቀምሳ፣ ከዚያ ትሰጠዋለች። መርማሪ የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ ጥያቄ አይደለም። በዚያ ላይ ማን ለማን መድኃኒት እንደገዛ፣ የማን ሚስት ለማርገዝ፣ የማን ባል መጠጥ ለመተው ቅጠል እንደፈለጉ የምታውቀው እርሷ ናት፤ የንስሐ አባት ካልሆነ በቀር የመንደሩን ምስጢር በዚህ መጠን የያዘ የለም።

ሆኖም ይህችው ሴት በመንደሩ ዘንድ እንዴት ትታያለች? «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» የሚለው ስድብ የት አገር ነው የሚነገረው? የደብዳቤው ጸሐፊም ሆኑ ሌሎች አስተያየት ሰጪዎች ያላነሡት፣ እኔ ግን የዚህ ድርሰት ልብ አድርጌ የምቆጥረው ነገር ይህ ነው። ልጅ ሲታመም በሌሊት በሯ ይንኳኳል፤ ልጁ ከዳነ ምስጋናው ለታቦቱ ነው፤ ከሞተ ግን የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ እርሷ ናት። ካድፌል ከራሱ ቅባት በተነሣ ሞት ሲጨነቅ ገዳሙ ከኋላው ነበር፤ አለቃው ባይወደው እንኳ ልብሱና ማዕረጉ ይጠብቁታል። የእኛ ባለመድኃኒት ምን ይጠብቃታል? ገበያተኛው ከጆንያዋ ፊት መቆም ሲያቆም፣ ለጽዋ ማኅበር ያዘጋጀችው ጠላ ሳይቀመስ ሲመለስ፣ ዕድርተኞቿ ዓይኗን ማየት ሲፈሩ፣ ያኔ ምርመራው የማወቅ ጉጉት መሆኑ ቀርቶ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ይሆናል። ስሟን ለማጥራት ደግሞ ዕውቀቷን መግለጥ ይኖርባታል፤ መድኃኒት አዋቂ ግን ዕውቀቱን የሚያወርሰው ከልጆቹ መርጦ፣ በመሐላ ነው። ሥሩን ሰው ሳያይ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ሳትናገር የምትቆፍር ሴት በአደባባይ «ይህ ዕፅ እንዲህ ያደርጋል፣ እንዲህ አያደርግም» ብላ መናገር ስትገደድ የሚሰማትን የሚጽፍ ደራሲ ቢገኝ፣ ገዳዩ ማን መሆኑን ብረሳው እንኳ እርሷን አልረሳትም።

የምስጢር አወቃቀሩም ቢሆን ከልማዳችን ሊቀዳ ይችላል። በቀድሞ ዘመን ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤቱ አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም ነበር፤ «ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ታላቁም ታናሹም ከደጅ ይመለሳል። ለወንጀለኛ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ ይኖራል? አሽከሩ በር ላይ ቆሞ ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል ይላል፤ ጌታው ግን በጓሮ ወጥተው በታንኳ ተሻግረዋል። ይህን መሸሸጊያ ሊያፈርስ የሚችለው የኮሶን ጠባይ የሚያውቅ ብቻ ነው። በባዶ ሆድ ተጠጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ አቅልሽልሾና አድክሞ፣ ትሉ ከነራሱ መውጣቱ የሚታይበት መድኃኒት ስለሆነ፣ በማግስቱ ማለዳ ጥሬ ሥጋ ያማራቸው ጌታ ምን ጠጥተው እንደዋሉ ባለመድኃኒቷ ትጠይቃለች። እኔ ይህን ጥያቄ ሳስበው ፈገግ እላለሁ፤ ንጽሕናን ለሚወዱ አንባቢያን ይቅርታ።

ደሴቶቹም የራሳቸውን እንቆቅልሽ ያመጣሉ። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። በዚያ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ መርማሪዋ ቦታውን በዓይኗ ሳታየው፣ ከታንኳው ወገብ ላይ ተቀምጣ፣ ከደሴቱ የመጣላትን ቅጠል፣ የመጣላትን ሽታ፣ የመጣላትን ወሬ እያገናኘች መፍታት ይኖርባታል። በሥርዓቱ ላይ ሳታምፅ፣ ሥርዓቱም ሳያሸንፋት። ብዙ የውጭ ደራሲዎች መርማሪያቸው ወደ ቦታው እንዳይደርስ ለማድረግ በረዶ ያዘንባሉ፣ ድልድይ ያፈርሳሉ፤ እኛ ግን የዘመናት ቀኖና አለን።

ለዚህ ሥራ የሚነሣ ወጣት ደራሲ ካለ ሁለት ነገር ላሳስበው እወዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ባለመድኃኒቷን ጠንቋይ እንዳያደርጋት ነው። በሕልም ታይቷት፣ ዛር ነግሯት ገዳዩን ካወቀች የየኔታ ጥያቄ ዋጋ ያጣል። ሁለተኛው የመሬቱ ነገር ነው። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ በጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጀግናዋ ከደጃፏ የኮሶ አበባ ስትቀጥፍ ካነበብሁ መጽሐፉን እዚያው አጥፈዋለሁ። ባለሙያ ደራሲ ግን ይህንኑ ለማስረጃ ይጠቀምበታል፦ ገና ያልደረቀ፣ ቀላ ያለ የሴቴ ኮሶ አበባ በሐይቁ ዳር ቤት ውስጥ ከተገኘ፣ ከጉና ወይም ከጮቄ በኩል በቅርቡ የመጣ ሰው አለ ማለት ነው፤ «ከመንደር ወጥቼ አላውቅም» ያለው ማን ነበር?

ስለሆነም፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው ይህ ነው። ድሮ ጋዜጦች እንደሚያደርጉት አንድ ገጽ ለተከታታይ ልብ ወለድ ክፈቱ፤ ዕፅዋት አዋቂ መርማሪ ያለበትን፣ በራሳችን መሬት ላይ የተመሠረተ ድርሰት ከአንባቢያን ጋብዙ። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት አንድ የዕፅዋት ተመራማሪና አንድ የመድኃኒት ባለሙያ እንዲያዩት ይደረግ፤ የመጀመሪያው ስሕተት እንዲያርም፣ ሁለተኛው ልኬት እንዲሰርዝ። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ደግሞ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ስጡን፤ አንባቢው ገዳዩ ማን እንደሆነና በየትኛው ዕፅ እንደታወቀ ግምቱን ጽፎ ይላክ፤ ትክክለኛውን ምክንያት የጻፉትን አትሙላቸው። ስም ብቻ ገምቶ የላከ ግን ምክንያት ካልጻፈ አይቆጠርለት። የኔታ እንዲሳተፉ እኔ እጽፍላቸዋለሁ፤ በየምዕራፉ ወሩ እንዲጠቀስ ግን አስቀድመው አደራ ብለዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ከባሕር ዳር